የጋቢው ጫፍ

ሽማግሌው በስትሮክ የተመቱ ባለቤታቸውን ከወግዲ ወደ ሆስፒታሉ ካመጡ ጀምሮ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋው ራስጌ አልተነሱም። ታማሚዋ መዋጥ ስለማይችሉ በአፋቸው ጠብታ ውሃ እንኳ እንዳይገባ ታዟል። ለጥናት የስትሮክ ሕሙማንን የምትከታተለው ነርስ እሌኒ ቅጿን ይዛ በመጣች ቁጥር፣ ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ የባለቤታቸውን ከንፈር ሲጠርጉ ታገኛቸዋለች። ዛሬ ግን ትኩሳት ተነስቷል፤ የታማሚዋም ደረት ሲር ሲር ይላል። እሌኒ ከመዘገበቻቸው ሕሙማን ብዙዎቹን የገደላቸው ስትሮኩ ሳይሆን ወደ ሳንባቸው የወረደ ፈሳሽ ነው። ጋቢውን ዳሰሰችው። ጫፉ ርሷል።

«አባባ፣ ውሃ ሰጥተዋቸዋል?»

«ወላሂ፣ ውሃ አልሰጠሁም» አሉ ሽማግሌው፣ ከብብታቸው ትንሽ ጠርሙስ እያወጡ። «ይሄ ልጃችን ከጅዳ የላከችው የተባረከ የመካ ዘምዘም ነው።»

ጠርሙሱ ተንጠፍጥፎ አልቋል።