«መጀመሪያ አንቺ አሽቺው»

ሐጂ የበርበሬውን ዛላ ሰብረው መጀመሪያ ለእኔ የሚያቀርቡልኝ ሊያስተምሩኝ ነበር ወይስ በእኔ አፍንጫ ሊያሸቱ? እስከ ዛሬ መልሱን አላውቀውም።

አቃቂ ውስጥ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቶ ለሚሸጥ ትንሽ የባልትና ቤት በርበሬውን የምገዛው እኔ ነኝ። ትምህርቴን የጨረስኩት ዘግይቼ፣ በማታ ነው። ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ በርበሬ መምረጥ ግን ከመጽሐፍ አልተማርኩም። ያስተማሩኝ ሐጂ ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ሳሪስ አቦ አካባቢ መጋዘን የከፈቱ ሽማግሌ። ሌላው ነጋዴ ከላይ ያማረውን ደርድሮ ያሳያል። እሳቸው እጃቸውን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርናቸው ሰደው ከሥር አንድ ዛላ ያወጡና ሰብረው፣ «መጀመሪያ አንቺ አሽቺው፣ ልጄ» ይሉኛል። ዝም ካልኩ እሳቸውም አሽተው «ማር ነው!» ይላሉ። ፊቴ ከተጨማደደ ደግሞ፣ «ውሃ ተረጭቶበታል፤ መልሱት» ብለው ተሸካሚዎቹን ይጠራሉ።

አንድ ቀን ስደርስ መጋዘኑ ውስጥ አይጥ ሞታ ሸትታለች። ተሸካሚዎቹ አፍንጫቸውን በሸሚዛቸው ሸፍነዋል። ሐጂ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

«ሐጂ፣ ሽቶው ተስማማዎት መሰለኝ!» አለ አንዱ።

«ካልታጠባችሁ እኔ ምን ላድርግ!» አሉት። ሁሉም ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። በርበሬ ነጋዴ አፍንጫው ከሄደ ማን ከእሱ ይገዛል? ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ክረምት ላይ ጉንፋን ይዞኝ ሄድኩ። ዛላውን ሰብረው አቀረቡልኝ። ምንም አልሸተተኝምና ዝም አልኩ። እንደ ሁልጊዜው ፊቴን አይተው፣ አሽተው፣ «ማር ነው!» አሉ።

ጆንያውን በባጃጅ አመጣሁት። የባልትና ቤቱ ባለቤት ስትፈታው ወደ ኋላ አፈገፈገች። መሻገቱን ያወቅኩት ከእሷ ፊት ነው።

«ሐጂም ማታለል ጀመሩ?» አለች። «በቃ፣ ሌላ ነጋዴ ፈልጊ።»

«አላታለሉንም» አልኳት። በጉንፋን የታፈነው ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «አይሸታቸውም። አፍንጫቸው ከሄደ ቆይቷል። የማሸተው እኔ ነኝ።»

የጆንያውን አፍ ቀስ ብላ መልሳ አሰረችው።

«ታዲያ ጉንፋን ይዞሽ ለምን ሄድሽ?» አለችኝ። «ሁለተኛ ሳይሻልሽ እሳቸው ጋ እንዳትሄጂ።»