ማንካኗ የሸማኔ ልጅ

አክስቴ ጎደሊቭ ከፍላንደርሷ ከተማ ከጌንት ወደ ፓሪስ የሄደችው በልብስ ሰፊነት ልትቀጠር ነበር። ቁመቷን ያዩ ሰዎች ግን ሌላ ሥራ ሰጧት። አባቷ ሴራፋይን፣ ማለትም አያቴ፣ የጥጥ ፋብሪካ ሸማኔ ነበር። የልጁን አዲስ ሥራ የሰማው ከፓሪስ ከተመለሰች ጎረቤት ነው።

«ልጅህ ማንካን ሆናልሃለች» አለችው።

«ማነከን?» አያቴ በሳቅ ፈረሰ። በእኛ በፍላንደርስ ሰዎች አፍ «ትንሽ ሰውዬ» ማለት ነዋ። «የኔ ልጅ እኮ ጎንበስ ሳትል በር አታልፍም!»

«ሳቅ አንተ! ሀብታሞች ተደርድረው እሷን ነው የሚያዩት። ትወጣለች፣ ትሽከረከራለች፣ ትገባለች። ከዚያ በላይ አልናገርም።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ለሚስቱ ትንፍሽ ሳይል በማግስቱ ባቡር ተሳፈረ።

ፓሪስ፣ ልጁ የምትሠራበት ልብስ ቤት በር ላይ ያገኘችው የሰፊዎቹ አለቃ ማዳም ኦርዮል ናት። በጎረምሳነቱ ፈረንሳይ እርሻ ላይ ሲሠራ በለቃቀማት ቋንቋ «ማንካኗ ልጄ የት ናት?» አላት። ወደ ውስጥ ስታስገባው ጥግ ላይ ጭንቅላት የሌለው የእንጨት ገላ ቀሚስ ለብሶ ቆሟል።

«ይሄስ?»

«እሱም ማንካን ነው።»

አያቴ ክው አለ።

«ቃሉ እኮ የእናንተው ነው፣ አባት» አለች ሴትዮዋ። «የድሮ ሠዓሊዎቻችሁ ልብስ እያለበሱ የሚስሉት ትንሽ የእንጨት ሰው ነበራቸው። እኛ ከነስሙ ወሰድነው። ኋላ የልብስ ቤቱን አሻንጉሊትም እንዲሁ አልነው፤ አሁን ደግሞ ልብሱን ለብሳ ለገዢ የምታሳየውን ልጅ።»

«ልብሱን... ለብሳ?»

«ታዲያ ምን መስሎዎት ነበር?»

በዚህ መሀል መጋረጃው ተከፈተና ጎደሊቭ እስከ አንገቷ የተቆለፈ ግራጫ ካፖርት ለብሳ ብቅ አለች። ሁለት እርምጃ ሄዳ አባቷን ስታይ ተገተረች። 

«አባባ! እማማ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት! ሁሉም ደህና ነው!»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ልብስ መልበስሽን ላረጋግጥ ነዋ!»

 ምንጣፉ ላይ ዘፍ ብላ እያለቀሰች ትስቅ ጀመር። ልብስ ሊያዩ የተቀመጡት ገዢዎች አባትና ልጅ በአገራቸው ቋንቋ የተባባሉት ባይገባቸውም አብረዋት ሳቁ።

«ኧረ ካፖርቱን!» ጮኸች ማዳም ኦርዮል።

ያን ምሽት አባትና ልጅ የሽንኩርት ሾርባ አብረው በሉ፤ እሱም ጎረቤቲቱን አንስቶ እስኪበቃው ረገማት። ሲመለስ ባቡሩ ውስጥ ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደው። ጌንት አለፈችው፤ የነቃው አንትወርፕ ላይ ነበር።