ለዘር ትምህርት የወሰድኩት ማሽላ

በጥር የሴሚስተር እረፍት ጭሮ ወደ ቤታችን ስሄድ፣ ለአስተማሪያችን የገባሁት ቃል ነበረብኝ። በማሽላ ሥር ላይ የክሮሞዞም ልምምድ ልንጀምር ነው፤ የኮሌጁን ማሽላ ግን ነቀዝ በልቶታል። «ከቤት የሚያመጣ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ማንም ሳይቀድመኝ እጄን አወጣሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ እንዲያውቀኝ ፈልጌ ነበር።

ዝናቡ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ከድቶናል። ከከተማው በላይ ያለው ማሳችን ላይ የቀረው ደረቅ አገዳ ነው። የሚበላው ተበልቶ፣ ለዘር የተቀመጡ አራት የማሽላ ራሶች ብቻ ከምድጃው በላይ ጢሱ ውስጥ ተንጠልጥለዋል፤ ነቀዝ እንዳይደፍራቸው። አባቴ ከአባቱ የተቀበለው ረጅሙ፣ ነጩ፣ ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላ ነው።

ለእናቴ ለዘር ትምህርት እንደምፈልገው ነገርኳት። እኔ ዘር ስል ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ማለቴ ነበር። እሷ ግን አማርኛን ገበያ ውስጥ የለመደች ናት፤ ቃሉን በኦሮምኛ «ሰኚ» ብላ ተረዳችው፣ መሬት ላይ የሚዘራውን። አባቴ በሩ ላይ ተቀምጦ፣ ማሽላ ምን አጥፍቶ ኮሌጅ እንደገባ ጠየቀኝ። ሳቅን።

«እዚያ ይባዛል?» አለችኝ እናቴ።

«አዎ እማ። ሁሉም ይባዛል።»

ሴል ውስጥ ስለሚባዛው ዲ ኤን ኤ ነበር የማወራው። አራቱንም አውርዳ በጨርቅ ቋጠረችልኝ። ለምን ሁሉንም እንደሰጠችኝ አልጠየቅኳትም፤ ደስታዬ አላስጠየቀኝም።

ክሮሞዞም በደንብ የሚታየው የሥሩ ጫፍ በሚያድግበት፣ ሴሎቹ በሚከፈሉበት ሰዓት ነው። ሰዓቱን ስለማላውቅ ሥር እንዳያጥረን ብዬ፣ ኮሌጅ እንደተመለስኩ ሁሉንም ፈልፍዬ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። በሦስተኛው ቀን በቅሎ ሳህኖቹን ሞላ። ለክፍሉ ልጆች ሁሉ አደልኩ። የሥሩን ጫፍ ቆርጠን፣ አሲድ ውስጥ ከተን፣ ቀለም ውስጥ ነክረን በመስታወት ጨፈለቅነው። የተረፈው ቡቃያ ጓሮ ተደፋ።

ከሁሉ የጠራው የእኔ ሆነ። አስተማሪው ተማሪዎቹን ጠርቶ በእኔ ማይክሮስኮፕ አሳያቸው። ክሮሞዞሙ እንደ ወገብ የሚጠብበት ቦታ ሴንትሮሜር ይባላል፤ ሴሉ ሲከፈል ክሮሞዞሙን ወደየጎኑ የሚጎትቱት ክሮች የሚይዙት እዚያ ነው። እዚያ ያለው ዲ ኤን ኤ፣ አለን፣ በብዙ ፍጥረታት አንድ አጭር ጽሑፍ ሺህ ጊዜ እየተደጋገመ የተጻፈበት ነው፤ በተክሎችም እየተገኘ ነው። ሥራው በሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ጽሑፉ በቅርብ ዘመዳሞች መካከል እንኳ ይለያያል። ቅጂው ይበዛል፣ ይቀንሳል፤ አንዱ ዓይነት ተስፋፍቶ የቀድሞውን ያጠፋል። ለምን እንደዚህ ቶሎ እንደሚለዋወጥ ገና በደንብ እንዳልታወቀ ሲናገር፣ አንድም ቃል ሳይቀረኝ ጻፍኩ።

በሚያዝያ ዝናቡ ጭሮ ገባ። ለአጭር እረፍት ቤት ስሄድ እናቴን አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ባዶ ጆንያ ይዛ ቆማ አገኘኋት።

«ስንት ሆነ?» አለችኝ።

መጀመሪያ ምን እንደምትጠይቀኝ አልገባኝም። የተባዛ ዘር እንደምትጠብቅ ሲገባኝ ስለ ሥሩ፣ ስለ ቀለሙ ልነግራት ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

«አራቱም?»

«አራቱም።»

ጆንያውን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችው። ቀድማኝ ወደ ቤት አቀናች። ደጃፋችን ስንደርስ፣ «ለአባትሽ ራስሽ ንገሪው» አለችኝ።

ነገርኩት። ማሳው ታርሶ ተዘጋጅቷል። ይጮኽብኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያየሁት ነገር ጥሩ እንደነበር ጠየቀኝ። ጥሩ ነበር አልኩት። ውሸት አልነበረም።

በማግስቱ ጎረቤቱን ሁሉ ዞረ። ነጩን ሁሉም በልተውታል። በሂርና ከተማ በኩልም ጠይቆ የተገኘው አጭሩ ቀይ ብቻ ሆነ። በደሳ ከተማ አካባቢ የሚያውቀው ሰው ስላለ፣ ነጩን ፍለጋ በትከሻው ያንኑ ጆንያ ጥሎ በእግሩ ሄደ። እናቴ በየቀኑ ማሳው ዳር እየወጣች እርጥበቱን በጣቷ ትነካው ነበር። እኔ ወደ ኮሌጅ የምመለስበትን ቀን አሳልፌ ጠበቅኩት።

በአምስተኛው ቀን መጣ። ነጭና ቀይ የተቀላቀለ፣ ሁለት እፍኝ የማይሞላ እህል ይዟል። እናቴ እጁን አላየችም፤ መሬቱን ብቻ አሳየችው። ዝናቡ ከተወን ሦስት ቀን ሆኖት አፈሩ ዘር እንዳይቀበል ደርቆ ነጥቷል።