ሳጥኑን እንጂ መንገዱን አትደብቅ

በአንድ ነገር ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ማንም ቢከራከረኝ አልለውጠውም። ሳጥን የደበቀ ሰው መኪና የት እንደሚቆም፣ በየት በኩል እንደሚገባና መቼ መምጣት እንደሚሻል መናገር አለበት። መናኸሪያ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ አለኝ፤ በሩ የጠፋበት ደንበኛ ጎረቤት ገብቶ እንደሚገዛ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ይህን የምለው ግን ነጋዴ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከከተማ ወጣ ብላ ባለችው ቱላ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ስለሆነው ነገር ነው።

የምን ሳጥን ለሚል ሰው ላስረዳ። ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ሰው ውሃ የማያስገባ ትንሽ ሳጥን ውስጥ የስም መጻፊያ ወረቀት ከትቶ አንድ ቦታ ይደብቃል፤ የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው ስልኩን ይዞ ይፈልገዋል። ሲያገኘው ስሙን ይጽፋል፣ ሳጥኑን እንደነበረ መልሶ ይሄዳል። በቃ ይኸው ነው፤ ሽልማት የለው፣ ዋንጫ የለው። ታናሽ ወንድሜን "ታዲያ ምን ይጠቅማል?" ብዬ ስጠይቀው "ኳስ ማየትስ ምን ይጠቅምሻል?" አለኝ። እኔ ደግሞ ኳስ ሳላይ አልውልም፤ ነገሩን ተውኩት።

ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ጨዋታውን የለመደው እዚያው ከባልደረቦቹ ነው። መጀመሪያ ከተማችን ካለው ሐይቅ ዳር ደበቀ፣ ቀጥሎ ኮረብታው ላይ ደበቀ፣ ከዚያ ደግሞ ቦታ ያለቀ ይመስል ቱላ ሄዶ ከእናታችን እንሰት ጀርባ ካለው ዋንዛ ሥር ደበቀ። እናታችንን አስፈቅዷል፤ አልዋሽበትም። እሷም "እሺ" ብላ ወዲያው ረሳችው። ልጇ ያስቀመጠውን ዕቃ ሌላ ሰው ሊፈልገው ይመጣል ብላ በምን ታስብ!

ሳጥኑን በሚያስመዘግብበት ገጽ ላይ የመኪና ማቆሚያና የመግቢያ መረጃ የሚሞላበት ቦታ አለ። ባዶ ተወው። እኔ ደግሞ ባዶ ቦታ አልወድም።

"ለምን አትሞላውም?" አልኩት።

"ፍለጋው ከቤት ሲወጡ ነው የሚጀምረው። መንገዱን ከነገርኳቸው ምን ቀራቸው?"

"ሳጥኑ ቀራቸዋ! የደበቅከው እኮ ሳጥን ነው፣ ቱላን አይደለም።"

ሳቀብኝ። እየሳቀም አልሞላውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለእሱ ነው፤ ሞኝ ባይሆንም።

የስልኩ ቀስት የሚያሳየው ቀጥታውን ነው። ቦይ አያውቅም፣ አጥር አያውቅም፣ ውሻ አያውቅም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኸው ነው። የእናቴ ዋናው በር በቤተክርስቲያኑ መንገድ በኩል ነው፤ እዚያ አይሱዙ እንኳ ዞሮ የሚመለስበት ሰፊ ሜዳ አለ። ከአስፋልቱ የሚመጣ ሰው ቀስቱን ካመነ ግን መኪናውን ወፍጮ ቤቱ ጋ ትቶ፣ ቦዩን ዘሎ፣ በአጥሩ ጥግ ሰው በሰው ኋላ ሆኖ በምታስኬድ ቀጭን መንገድ ከጓሮ ብቅ ይላል። ይህን ሁሉ ለወንድሜ ምሳ በበላን ቁጥር ነግሬዋለሁ። አንድ ቀን የሰው እግር ይሰበራል ብዬዋለሁ። የመጣው ግን ከእግር የባሰ ነበር።

ታላቅ ወንድማችን የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ መስመር ይሠራል። እናቴ እሱ መንገድ ላይ ሲሆን እንቅልፏ የወፍ እንቅልፍ ነው። አፏን ሞልታ "በጌታ እጅ ነው" ትላለች፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር ግን የያዘችውን ትታ ትሮጣለች። በዚያ ሳምንት ወደ ወደቡ ወርዶ እየተመለሰ ነበር።

አርብ ማታ እናቴ ጋ አደርኩ። ቅዳሜ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል እሷ ለላሟ ሳር ታቀርባለች፣ እኔ ቧንቧው ጋ ፊቴን እታጠባለሁ። ቀና ስል እናቴ ሳሩን እንደታቀፈች ቆማለች። ዓይኗን ተከትዬ አየሁ። በጓሮ በኩል፣ በአጥሩ ጥግ፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ተከታትለው ይመጣሉ። ድምፅ የለም። ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል። ብርድ ነበርና አንዷ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባለች።

መርዶ እንዴት እንደሚመጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ማልዶ ነው የሚመጣው። አንድ ሰው ብቻውን አያመጣውም፤ ሰብሰብ ብለው ነው። ከሩቅ አይጣሩም፣ አይስቁም። እኔ የሳጥኑን ነገር አሳምሬ የማውቅ፣ ስከራከርበት የኖርኩ ሴት፣ በዚያች ቅጽበት ሳጥን የሚባል ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ። ታላቅ ወንድሜ አለቀ አልኩ። ሳሙናው ከእጄ ወደቀ።

ከአራቱ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ጢማቸው የሸበተው ሰውዬ እናቴን ሲያዩ ደነገጡ። ጨዋ ሰው ናቸውና ኮፍያቸውን አወለቁ። ባያወልቁ ይሻል ነበር!

"ተናገሩ" አለች እናቴ። ሳሩን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። "ልጄ የት ላይ ነው?"

"ኧረ ምንም አይደለም እናቴ፣ አይደንግጡ" አሉ ሰውዬው። መርዶ ነጋሪ ሁሉ የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው። "እንዲያው አንዲት ትንሽ ዕቃ ፍለጋ ነው የመጣነው።"

ያኔ ነው በእጃቸው የያዙትን ስልክ ያየሁት። ነፍሴ ተመለሰች። እየሮጥኩ ሄጄ እናቴን ያዝኳት። "እማዬ፣ መርዶ አይደለም! ያ ሳጥን ነው፣ የጨዋታው ሳጥን! በጠዋት የመጡት ፀሐይ ሳትበረታ ብለው ነው። ዝም ያሉትም ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ሳጥኑን እንዳያይባቸው ነው!"

እናቴ ፊቴን አየችው። "አንቺም ታውቂያለሽ ማለት ነው" አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ እጄን ያሰረው። መርዶ የሚደበቀው በዘመድ ነው። ልጆች አውቀው እናት ሳትሰማ ስንት ቀን እንደሚያድር እሷም አይታለች፣ እኔም አይቻለሁ። ስለዚህ እውነቱን ባስረዳኋት ቁጥር የተማከርን እየመሰላት ሄደ። ትላልቅ ሰዎች በጠዋት ተነስተው ከዋንዛ ሥር ፕላስቲክ ሳጥን ይፈልጋሉ የሚል ምክንያት ደግሞ ማን ያምናል? እኔም ብሆን አላምንም። አንድ ማስረጃ ብቻ ነበር የቀረው፤ የታላቅ ወንድሜ ድምፅ። ደወልኩ። አይገኝም። ደገምኩ። በረሃውን እያቋረጠ ይሆናል፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። እናቴ ስልኩን ከጆሮዬ ሳነሳ አይታ መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለች።

ጎረቤት ለመምጣት አልዘገየም። የቤተክርስቲያን ሴቶች መጥተው እናቴን ከበቧት። እንግዶቹ እንሂድ ቢሉ ነውር ሆነባቸው፤ አግዳሚው ላይ ተደርድረው አንገታቸውን ደፉ። ከኀፍረት ነው የደፉት፣ ለሚያየው ግን ሌላ ነው። ይባስ ብላ ባለ ሻርፗ ማልቀስ ጀመረች።

"አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?" አልኳት ጥርሴን ነክሼ።

"አሳዘኑኝ" አለችኝ እንባዋን እየጠረገች።

የእድሩ ዳኛ ወደ ጥግ ጠራኝና ድንኳኑ ግራ በኩል ይተከል ወይስ ቀኝ ብሎ ጠየቀኝ። "ማን ሞቶ ነው የምን ድንኳን?" ብዬ ጮኽኩበት። "እኔም እሱን ልጠይቅሽ ነበር" አለኝ ቀስ ብሎ። ለታናሽ ወንድሜ ደወልኩና እዚህ የማልደግመውን ስድብ ሰደብኩት፤ አሁኑኑ ናልኝ አልኩት። ከዚያ እንደገና ለታላቁ ደወልኩ። ደጋግሜ ደወልኩ። አውቃለሁ፣ ደህና ነው፣ ምንም የሚያሳስብ የለም እላለሁ፤ ግን ስልኩ ባልተነሳ ቁጥር በገዛ እውቀቴ ላይ ያለኝ እምነት እየሳሳ ሄደ። ቢሆንስ? እነዚህ ሰዎች ለሳጥን ቢመጡም እሱ ላይ ዛሬ የሆነ ነገር ቢደርስስ? ፈራሁ፤ ከልቤ ፈራሁ።

ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። እሱ ነው። ኔትወርክ ሲገባ የደወልኩት ሁሉ ተዥጎድጉዶ ደርሶታል።

"እማዬ ምን ሆነች?" አለ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። ለካ እሱም በዚያ በኩል የእኛን መርዶ እየጠበቀ ነበር።

መልስ ሳልሰጠው ስልኩን እናቴ ጆሮ ላይ አደረግኩት። "እማዬ? እማዬ?" ሲል ለሁላችንም ይሰማል። እናቴ ድምፁን አዳመጠች። ከዚያ፣

"ቁርስ በላህ?" አለችው።

አልበላሁም ሲላት ነው ያለቀሰችው። ጠዋት ሙሉ ያልወጣው እንባ ያኔ ወጣ። እኔም አለቀስኩ፣ የእድሩ ዳኛም ፊቱን አዞረ።

ታናሽ ወንድሜ ነጠላ ጫማ አድርጎ በባጃጅ ደረሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። እናቴ ግን ፊቷን ታጥባ ለእንግዶቹ ቆጮና ጎመን እያቀረበች ነበር፤ የመጣ ሰው ሳይበላ አይሄድም። ሽበታሙ ሰውዬ በጣም እያፈሩ "እናቴ፣ ሳጥኑን ... ብንፈልገው ይከፋዎታል?" አሏት። ይህን ያህል ነገር አልፎ አሁንም ሳጥኑን! ሳልወድ ሳቅሁ። እናቴ "ፈልጉ" አለች፤ አብራቸውም ሄደች። ከዋንዛው ሥር ድንጋይ አንስተው አወጡት። እናቴ ከፍታ አየችው፤ ወረቀት፣ እርሳስ።

"ይሄ ነው?" አለች። "ለዚህ ነው ልጄን ስትገድሉብኝ ያረፈዳችሁት?"

አራቱም መሬት ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። ወንድሜ ሳጥኑን አንስቶ ወደ ቦርሳው ሊከተው ሲል እጁን ያዘችው። ይነሳል ብዬ ነበር እኔም፤ ይነሳ ስትል እደግፋታለሁ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። "ይቀመጥ" አለች። "ሰው ቢመጣ አልጠላም። አመጣጡን ግን ጻፍላቸው።"

ወንድሜ ስልኩን አወጣ። እሷ በሲዳሙ አፎ፣ በራሷ ቋንቋ፣ ትናገራለች፣ እሱ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰ ይጽፋል። መኪናችሁን ወፍጮ ቤቱ ጋ አታቁሙ፤ በቤተክርስቲያኑ መንገድ ዙሩ፣ ሜዳው ላይ ይቆማል። በጓሮ አትምጡ፣ በዋናው በር ግቡ። ውሻው ታስሯል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አትምጡ። ገብታችሁ ሰላም በሉ። እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ ምን ይጨመርበታል? ለወራት ስከራከር ካቀረብኩት ሁሉ የተሻለ ነበር። ወንድሜም አልተከራከረም። የመጨረሻዋ ትእዛዝ እስክትመጣ ድረስ ማለት ነው።

"ብዙ ሆናችሁ ከመጣችሁ" አለች፣ "ከሩቅ ጀምራችሁ እያወራችሁ፣ እየሳቃችሁ ኑ።"

ወንድሜ ጣቱን ስልኩ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀና አለ። "እማዬ፣ ይሄ እንኳ ይቅር። የመኪና ማቆሚያ መረጃ ውስጥ 'እየሳቃችሁ ኑ' ይባላል?"

"እሱን መጀመሪያ ጻፈው" አለችው። "ዝም ብለው የሚመጡት አንድ ቀን መምጣታቸው አይቀርም። የዚያን ቀን ከሳጥን ፈላጊ ለይቼ ላውቃቸው ይገባል።"