የኋሊት የተመለሱት ወታደሮች

ላሊበላ ባጃጅ ስንጠብቅ የእህቴ ልጅ በስልኩ የውትድርና ምልመላ ፊልም አሳየኝ። ከሰማይ ላይ የተቀረጸ ተራራ፣ ልብ የሚሰቅል ሙዚቃ፣ እናቱን ስሞ ከቤት የሚወጣ መልከ መልካም ወታደር።

"ልመዝገብ እንዴ አክስቴ?" አለኝ። ፊልሙ እውነትም ያምራል።

እኔ በልጅነቴ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ መንደራችን ኩልመስክ ያየሁት ፊልም እንዲህ አያምርም ነበር። ካድሬዎች መጥተው የትምህርት ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደው፣ አንሶላ ሰቅለው አገሬውን በቀትር ሰበሰቡት። ክፍሉ ናፍጣና የራስ ቅቤ ይሸታል። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሰው ይጮኻል፤ ወታደሮች ተሰልፈው ከአንድ መንደር ወደ ግንባር ይሄዳሉ። በቃ፣ አለቀ።

ጎረቤታችን እማማ የሺ ተነሱ። ልጃቸው ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል።

"መሄዳቸውንስ አየን። ሲመለሱ አሳዩን እንጂ" አሉ።

ፊልም አጫዋቹ የማሽኑን መብራት ሳያጠፋ ፊልሙን ወደ ኋላ ማጠንጠን ጀመረ። ወታደሮቹ የኋሊት እየተራመዱ ከግንባር ወደ መንደራቸው ገቡ። እማማ የሺ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ክፍሉ ሙሉ ተቀበላቸው። አንዱ ካድሬ "ዝም በሉ" ቢል ማን ሰምቶት።

"እንዲህ ነው እንጂ" አሉ እማማ የሺ፣ እያጨበጨቡ።

ባጃጁ መጣ። ልጁ ስልኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። እኔ ፊልሙን በጣቴ ቀስ አድርጌ ወደ ኋላ ጎተትኩት። መልከ መልካሙ ወታደር የኋሊት መጣ፣ እናቱን ሳመ፣ ቤቱ ገባ።

ባጃጅ ነጂው ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ እልል አልኩ።