የአባቴ ምስጋና

የልጄ የኦንላይን ትምህርት ቤት መምህርት በስክሪኑ ላይ "አንቺ ወደ ድጋፍ ክፍል ግቢ" ስትላት፣ የሻገተ ግድግዳ ሸተተኝ።

እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሂሳብ ሊጀመር ሲል እኛን ኢትዮጵያውያኑን ብቻ ለድጋፍ ብለው ምድር ቤት ወዳለው፣ ግድግዳው ወደ ሻገተ የቦምብ መጠለያ ያወርዱን ነበር። እዚያ ቁጭ ብለን ሥዕል ቀለም እንቀባለን።

አንድ ቀን አባቴ ከፋብሪካ ከነሥራ ልብሱ መጣ። መምህርቷ "እየረዳናት ነው" ያለችውን ተረጎምሁለት። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ አመሰገናት።

አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ "የቀሩት ልጆች ምን ይማራሉ?" አለኝ።

"ሂሳብ።"

"እናንተስ?"

"ቀለም እንቀባለን።"

ፊቱ ጠቆረ። "ታዲያ እኔ ምኑን ነው ያመሰገንሁት?" እኔን የተቆጣ መስሎኝ አለቀስሁ።

ዛሬ ማይክራፎኑን ከፈትሁ። "መምህርት፣ ክፍሉ አሁን ምን ሊማር ነው?"

"ሂሳብ።"

"እንግዲያው ልጄ ከዚህ ንቅንቅ አትልም!"