ጠበልና ቲነር

ባሌ ሞተር ሳይክሉን በታትኖ ቀለም ሊቀባ የተነሳው እናቴ ከአዲስ አበባ በመጣች ሳምንት ነው። በሰው አገር፣ ኢምባካሲ ያለችው ጠባብ ቤታችን ጋራዥ ሆነች። ዓመቱን ሙሉ የት ነበርክ ብለው ሰሚ የለም። የቤንዚን ታንኩ መታጠቢያ ቤት ተጋደመ፤ ፓራፋንጎው ልብስ ማስጫዬ ላይ ተንጠለጠለ። የድሮውን ቀለም የሚያስለቅቀው መድኃኒት ፎጣዬን በላው። ከዚያ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ ይውላል፤ ቀዩ ብናኝ ድስቴ ውስጥ ሳይቀር ገባ።

«ቀለም ቀቢ ፉንዲ ሞልቶ የለ እንዴ? ለአንዱ ስጠውና አሳርፈኝ» እለዋለሁ።

«ፉንዲ ያበላሽብኛል» ይላል። ባለሙያው እሱ መሆኑ ነው!

ያንገበገበኝ ግን ብናኙ ሳይሆን ቀለም የሚያቀጥንበት ቲነር ነው። እናቴ ሆዷን አሟት ለሕክምና ስትመጣ ጠበሏን በውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ነበር፤ ማለዳ ማለዳ አማትባ በባዶ ሆዷ ትጠጣለች። እሱም ቲነሩን የሚያስቀምጠው እንደዚያው ባለ ላስቲክ ነው። ሁለቱም ኩልል ያሉ ናቸው። «ምልክት አድርግበት፣ እናቴን ትገድልብኛለህ!» ብዬ ጮኼበታለሁ። «እሺ» ይላል። የእሱ እሺ መቼም እሺ ሆኖ አያውቅም።

ዓርብ ማታ ዝናብ ሲያካፋ ዕቃውን ከበረንዳ ወደ ሳሎን አግበሰበሰው። እናቴ «ጠበሌን አቀብለኝ ልጄ» ብትለው ሮጦ አቀበላት፤ ለእሷ ሲሆን ታዛዥ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ነፋሱ አቧራ ሳያመጣ ልቀባ ብሎ ተነሳ። ሻይ ልጥድ ስል ጠራኝ።

«ነይ እስቲ እዪልኝ፣ ይሄ ቀለም ምን ሆነብኝ?»

ጣሳው ውስጥ ቀለሙ እንደተበላሸ ወተት ተቋጥሯል፤ ታንኩ ላይ የቀባውም ችፍ ችፍ ብሏል። ላስቲኩን አንስቼ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም።

«ይሄ እኮ ጠበሉ ነው! ቲነሩስ የት አለ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። መልሱን ሳልጠብቅ ወደ እናቴ ክፍል ሮጥኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ላስቲኩ በእጇ ነው፣ ክዳኑ ተከፍቷል።

«እማዬ፣ ጠጣሽው?»

«አፌ ካደረስኩት በኋላ ነው የተውኩት» አለች። «ቤቱ ሁሉ ቀለም ቀለም ስለሚሸት አልጠረጠርኩም። ከንፈሬን ሲለበልበኝ ነው የነቃሁት።»

ባሌ እጁ በቀይ ቀለም እንደተለወሰ በሩ ላይ ቆሞ «ይቅር ይበሉኝ እማማ» ይላል። የከረመ ንዴቴን ላወርድበት አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ጠበሌንስ ምን አደረግከው?»

«ሞተሩ ላይ... ቀባሁት።»

ትክ ብላ አየችው።

«እሰይ! ከእኔ ሆድ ይልቅ ለሱ ነው የሚያስፈልገው። በመኪና መሃል ስትሹለከለክ ካየሁህ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

ታንኩ ዛሬም ችፍ ችፍ እንዳለ ነው። ፍቀህ እንደገና ቀባው ስለው፣ «ጠበል የነካው አይፋቅም» ብሎ ይመጻደቅብኛል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የራሴ ነገር ነው፤ ጠዋት ሊወጣ ሲያስነሳው፣ ያንን አስቀያሚ ታንክ በእጄ ዳሰስ አድርጌ አማትባለሁ።